አረካ ላይ ውረድ

ሶዶ፣ ሰኔ 8 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሚልክያስ፣

የጌታ ሰላም እዚያ ተራራ ላይ ከብርዱ ቀድሞ ይድረስህ። ደብዳቤህ ዘግይቶ ነው የደረሰን። ፖስታ ቤት ያለችው ልጅ ቴምብሩን አይታ ቺሊ የት ነው ብላ ጠየቀችኝ። ወንድሜ የሚማረው ጀርመን አገር ነው፣ ለኮከብ ሥራ ግን ወደዚያ ተራራ ይልኩታል አልኳት። ሰማይ እዚያ ይጠራል አሉ፣ ዝናብ የለም አሉ ብዬ እንዳንተ አስረዳኋት።

የጠየቅኸኝን ልመልስ። አዎ፣ ለአባባ አነበብኩለት። ማርስ ላይ የምትፈልገው ሚቴን የሚባለው ጋዝ ከላም ሆድና ከረግረግ የሚወጣው ዓይነት ነው የሚለው ጋ ስደርስ አስቆመኝና ሳቀ። እንግዲህ ልጄን ባሕር ማዶ የላክሁት ላም በሌለበት አገር የላም ትንፋሽ እንዲፈልግ ነው አለ። ይህን ያህል ከቸገረው ላማችንን ቦራን ጭነን እንላክለት አለ። ከዚያ ደግሞ ሽታውን አግኝቶት እንደሆነ ጠይቂው አለኝ። ሽታ የለውም ብሎ ጽፏል ብዬ ብነግረውም አልተቀበለኝም፤ ሽታ የሌለውን ነገር በምኑ ነው የሚያገኘው፣ እኔ የቆጮው ጉድጓድ መድረሱን ከበሩ ሆኜ የማውቀው በሽታው አይደለም ወይ ብሎ ተከራከረኝ። መልሱን አንተው ጻፍለት።

የዛሬ ሁለት ዓመት የጋዙ ምልክት ታየን ብለህ የጻፍከውን አባባ ዛሬም አልረሳውም። ያኔ ቤተ ክርስቲያን ተነስቶ ለምእመኑ እንደተናገረ ነግሬህ ነበር። ጎረቤታችን ኤርካሎ፣ አሁን የዕድሩ ሊቀመንበር ሆኗል፣ ባገኘው ቁጥር የቶማ ልጅ ሰማይ ላይ ከብት አገኘ እያለ ያበሽቀዋል። አባባ የተናደደ ይመስላል እንጂ ደስ ይለዋል።

ስለ አባባ ሳል ጠይቀሃል። ሆስፒታል ወስጄው ነበር፤ ሳንባው ነው አሉ። መድኃኒት ሰጥተውታል፣ ይውጣል። ይበላል፣ ግን እንደ ድሮው አይደለም። ሌሊት ቁጭ ብሎ ነው የሚያድረው።

አንድ ነገር ብደብቅህ ጥሩ አይሆንም። ለዘመን መለወጫችን ለጊፋታ ይመጣ እንደሆነ ጠይቂልኝ ብሎኛል። አባባ እንዲህ ያለ ነገር ጠይቆ አያውቅም፤ አንተም ታውቀዋለህ። ከሄድክ ወዲህ ስንት ጊፋታ አለፈ፣ አንዴም አንተን አንስቶ አያውቅም ነበር። የሥራህን ነገር እኔ አላውቅም። አንተ ታውቃለህ።

እህትህ አስካለች


ከተራራው ላይ፣ ሐምሌ 10 ቀን 1997

እትዬ አስካለች፣

ደብዳቤሽን ኪሴ ውስጥ አድርጌ ብዙ ዞርኩ። መልስ የቆየው ለዚህ ነው፤ ይቅር በይኝ።

ለአባባ እንዲህ በይልኝ። የምናገኘው በማሽተት አይደለም፣ በጉድለት ነው። ከማርስ የሚመጣውን ብርሃን እንደ ቀስተ ደመና እንዘረጋዋለን። እያንዳንዱ ጋዝ ከዚያ ቀስተ ደመና ላይ የራሱን ቀጭን መስመር ይወስዳል፤ የተወሰደበት ቦታ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። የት የት እንደጎደለ አይተን ምን ጋዝ እንዳለ እናውቃለን። መጠኑ እጅግ ትንሽ ነው፤ በአንድ ኩንታል ጤፍ ውስጥ ሦስት ፍሬ ዳጉሳ እንደመፈለግ ነው። ይህን ጋዝ ፀሐይ ቀስ በቀስ ታጠፋዋለች፤ ስለዚህ አሁን ካለ፣ አሁንም የሚያወጣው ነገር አለ ማለት ነው። ሕይወት ያለው ነገር ይሁን ድንጋይ አናውቅም። ሰው ሁሉ የሚጓጓው ለዚህ ነው።

ችግሩ ጋዙ እዚህ ምድር ላይም ሞልቶ መገኘቱ ነው። ብርሃኑ በእኛ አየር አልፎ ስለሚደርሰን የእኛው መስመር የማርስን ይሸፍነዋል። ማርስ ወደ እኛ ስትገሰግስ ወይም ከእኛ ስትርቅ ብቻ መስመሯ ከእኛው ትንሽ ፈቀቅ ይላል፤ ያኔ መለየት ይቻላል። በጣም ቀርባ፣ ደምቃ፣ ልጅ እንኳ በጣቱ ሲያሳያት፣ እኛ ምንም አንለይም።

በዚህ ዙር የምትለየው ስትመጣ በመስከረም፣ ስትሄድ ደግሞ በጥር ነው። ከዚያ ሌላ ሁለት ዓመት መጠበቅ አለ። ቴሌስኮፑን የሰጡኝ በመስከረም፣ ልክ በጊፋታ ሰሞን ነው። ከለቀቅኩት ለሌላ ሰው ይሰጣል። የጥርን ውጤት ለብቻው ይዤ ምንም ልል አልችልም፤ የመመረቂያ ጽሑፌ በሁለቱ ላይ ነው የቆመው።

እናታችን ስትሞት እኔ ጡት ያልጣልኩ ልጅ ነበርኩ፤ ሲቀብሯት አላየሁም። አንቺ ከአምስተኛ ክፍል ወጥተሽ እኔን አዘልሽ። ይህን የማነሳው ላሳዝንሽ አይደለም። አባባን ጠይቂልኝና እውነቱን ጻፊልኝ። ይህን የተናገርኩትን ሁሉ ንገሪው፣ ከዚያ ና ካለኝ ሁሉንም ትቼ እመጣለሁ። ሳልሰማ አልወስንም።

ሚልክያስ


ሶዶ፣ ነሐሴ 5 ቀን 1997

ሚልክያስ፣

አትምጣ። ሰላምታውን ትቼ ከዚህ የጀመርኩት እስክታገኘው ድረስ ልብህ እንዳይንጠለጠል ነው። አሁን ሰላም ላንተ ይሁን።

አባባ ተሽሎታል። ባለፈው እሁድ ከዘራውን ይዞ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ተመለሰ፤ መንገድ ላይ የደገፈው ሰው የለም። የጉድለቱን ነገር አነበብኩለት። የጎደለውን አይቶ ያለውን ካወቀ፣ እኔም ማታ ከብቶቼ ሲገቡ የማደርገው እሱኑ ነው፤ ለዚህ ለዚህማ ጀርመን ድረስ ምን አስኬደው፣ ዳሞታ ተራራ ላይ አስቀምጬ አስተምረው ነበር አለ። የዳጉሳዋ ግን ገርማዋለች። ወዲያው ለኤርካሎ ሲነግረው ሰማሁት፣ ከራሱ ያመጣት አስመስሎ።

የሁለት ዓመት ነገር ቀላል አይደለም። እኔ ትምህርቴን የተውኩት አንተ ግማሽ መንገድ ላይ እንድትመለስ አይደለም። ሱቄ ውስጥ ስኳር ስጠቀልል በአሮጌ ጋዜጣ ላይ ስለ ሰማይ የተጻፈ ካገኘሁ ቀድጄ አስቀምጣለሁ፤ እስካሁን የእኛ አገር ሰው ስም አላገኘሁበትም። እንዲገኝበት እፈልጋለሁ። ከጥር በኋላ ሥራህን ጨርሰህ ትመጣለህ፣ በሬ ባይኖር በግ አይጠፋም።

እዚህ ቤት የምንለው ይህንን ነው። ሥራህን ሥራ።

አስካለች


ሶዶ፣ ጥቅምት 18 ቀን 1998

ሚልክያስ ወንድሜ፣

ሰላም ላንተ ይብዛልህ። ሁለት ደብዳቤ ደርሶኝ አንዱንም ሳልመልስ ቆየሁ። የቤት ሥራ በዛብኝ። ይቅርታ አድርግልኝ።

ጊፋታ አልፏል። ደህና አለፈ። ቦራ ወልዳለች፣ ጥጃዋ ሴት ናት፣ ግንባሯ ላይ ነጭ አላት። የክረምቱ ዝናብ ደግ ነበር፣ እንሰቱ አምሯል። ኤርካሎና ሚስቱ የትምወርቅ በየቀኑ ይመጣሉ፤ ቤታችን ሰው አያጣም።

አባባ ሰላም ብሎሃል።

የጎረቤት ስልክ ተበላሽቷል፣ እንዳትደውል። ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅህ። እዚያ ከእናንተ ጋር የአገራችን ሰው አለ? ሐበሻ ባይሆን እንኳ የምትቀርበው፣ አብረኸው የምትበላ ሰው አለህ? ወደ ጀርመን የምትመለሰውስ መቼ ነው?

ራስህን ጠብቅ፣ በደንብ ብላ።

አስካለች


ከተራራው ላይ፣ ኅዳር 15 ቀን 1998

እትዬ፣

እንዴት ከረማችሁ? የጠየቅሽኝን በቅደም ተከተል ልመልስ። የአገራችን ሰው የለም። እዚህ አገር ሁሉ አንድም ያየሁት የለም። የምበላው ከማሽን ሠራተኞቹ ጋር ነው፤ ደግ ሰዎች ናቸው፣ ቋንቋቸው ግን ስፓኒሽ ነው፣ እኔ ከሰላምታና ከምግብ ስም አላልፍም። ጀርመናዊው አስተማሪዬ በወር አንዴ ይመጣል። ብቻዬን ነኝ ማለት ይቻላል፣ ለምጄዋለሁ። ወደ ጀርመን የምመለሰው በመጋቢት መጨረሻ ነው።

የመስከረሙን ሥራ ጨርሻለሁ። ውጤቱን ገና እያየነው ነው፤ ለአሁኑ ምንም አልልም።

አባባ በዚህኛው ደብዳቤ አላሾፈብኝም። ከአገር ከወጣሁ ጀምሮ ሳይሰድበኝ የቀረበት ደብዳቤ ይህ የመጀመሪያው ነው። ተቀይሞኝ ይሆን? ስላልመጣሁ ከሆነ እውነቱን ነው፣ ግን ተቀይሞም ቢሆን ይናገረኝ። ሰላም ብሎሃል የሚለው ብቻ ለእሱ አይሆንም። እባክሽ አንድ ስድብ ተቀብለሽ ላኪልኝ።

የገዛሁለትን ሹራብ በጋ ሲሆን እንዳያወልቅ ንገሪው፤ የዳሞታ ብርድ የሚመጣው ሰማዩ ሲጠራ ነው።

ሚልክያስ


ሶዶ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1998

ሚልክያስ፣

ሰላም ነው? አልተቀየመህም። ከየት አመጣኸው? አባባ በአንተ ተቀይሞ ያውቃል?

ስድብ ላኪልኝ ስላልክ እንዲህ ብሎሃል፣ የእኛዋ ላም ወልዳለች፣ የሰማይዋ ወልዳ እንደሆነ ጠይቂው፣ ወተቱን አብረን እንድንጠጣ።

ሹራቡን ነግሬዋለሁ።

ጀርመን አገር የእኛ ሰዎች የሚሰበሰቡበት ቤተ ክርስቲያን እንዳለ በፊት ጽፈህልኝ ነበር። የመጋቢውን ስምና ስልክ ላክልኝ። ለሰላምታ ነው። ስትመለስ ብቻህን እንዳትሆን ብዬ ነው።

አስካለች


ከተራራው ላይ፣ ጥር 28 ቀን 1998

እትዬ አስካለች፣

ከውጤቱ ልጀምር፤ እሱ ይቀለኛል።

በመስከረምም በጥርም መስመሩ የለም። ደጋግመን አየን፣ የለም። የዛሬ ሁለት ዓመት ያየነው ወይ ያኔ ኖሮ ኋላ ጠፍቷል፣ ወይ ደግሞ ከመጀመሪያውም የምድራችን አየር ነው፤ አጥርተን ሳንለይ የማርስ አድርገን አንብበነዋል። አስተማሪዬ ሁለተኛውን ያምናል። እኔም ወደዚያው ነኝ። የመስከረሙን ውጤት በኅዳር አውቀው ነበር። ያልነገርኳችሁ አባባ ለምእመኑ ስለተናገረ ነው፤ እሱን በኤርካሎ ፊት ላሳፍረው አልፈለግሁም። አየን ብዬ በችኮላ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ታየን የሚመስል ነገር አለ ማለት ነበረብኝ።

አባባ ይህን ቢሰማ ኖሮ ምን እንደሚል አውቃለሁ። ያየኸው የቦራን ትንፋሽ ነው፣ እሷማ እዚሁ ነበረች ይለኝ ነበር።

አሁን ወደ ሌላው። እትዬ፣ የታኅሣሡ ቀልድ የአንቺ ነው። አባባ ሲያሾፍ ያማል፣ ያንቺ አላመመኝም። ሰው የማያጣ ቤት፣ የተበላሸ ስልክ፣ ከማን ጋር ትበላለህ የሚል ጥያቄ፣ በመጨረሻም የመጋቢ ስም። ሶዶ ተወልጄ አድጌ የመጋቢ ስም ለምን እንደሚጠየቅ እንዴት አላውቅም? የአቶ ሰብስቤ ልጅ አዲስ አበባ ሲማር አባቱ ሲሞት መርዶውን እንዲነግረው ለመጋቢው የተጻፈውን ወረቀት ያደረስኩት እኔ ነበርኩ።

ከጥቅምቱ ደብዳቤ ጀምሮ ጠርጥሬ ነበር። ያልጠየቅሁሽ ካልጠየቅሁ አባባ የሚቆይልኝ ስለመሰለኝ ነው። ግን የቆየ ነገር የለም።

የመጋቢውን ስም አልልክልሽም። ከሌላ ሰው አፍ አልሰማም። መቼ እንደሆነ አንቺ ጻፊልኝ። ስለ እኔ ምን እንዳለም።

ሚልክያስ


ሶዶ፣ የካቲት 25 ቀን 1998

ሚልክያስ ወንድሜ፣

ይህን ስትከፍት የማሽን ሠራተኞቹ ባሉበት ክፈተው ብዬ ልጽፍ ነበር። ግን አታደርገውም፤ ስለዚህ ተቀመጥ።

አባባ ያረፈው ለጊፋታ ሳምንት ሲቀረው ነው። አትምጣ ብዬ በጻፍኩልህ ጊዜ ተሽሎት ነበር፤ እሱ ውሸት አልነበረም፣ ቤተ ክርስቲያን መሄዱም እውነት ነው። ጳጉሜን ላይ ወደቀ፣ ከዚያ አልተነሳም። ቀብሩ ላይ ሰው ብዙ ነበር፤ ከቤሌና ከቢጠና ሳይቀር መጡ።

አሁን ማንም የማያውቀውን ልንገርህ። አባባን ጠይቂልኝ ያልክበትን ገጽ አላነበብኩለትም። ስለ ቀስተ ደመናውና ስለ ጤፉ አነበብኩለት፣ የመስከረሙ ጋ ስደርስ ወረቀቱን አጠፍኩት። ና ይልሃል ብዬ ፈራሁ። መጥተህ ትምህርቱ ቢቀርስ ብዬ ፈራሁ። አትምጣ ያልኩህ እኔ ነኝ፣ በቤቱ ስም።

ሊያርፍ ሁለት ቀን ሲቀረው ሚልክያስ መልስ አልሰጠም ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ያኔ መዋሸት አልቻልኩም። ጠይቆ ነበር፣ ና ካለኝ እመጣለሁ ብሎ ነበር፣ እኔ ነኝ አትምጣ ያልኩት ብዬ ነገርኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፣ የተኛ መሰለኝ። ከዚያ እንዲህ አለ።

"እኔም ብሆን አትምጣ ነበር የምለው። ግን ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት?"

አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። አሁን ልጻፍለት ወይ ብዬ ስጠይቀው፣ አይደርስም፣ ተይው አለኝ። ስለ አንተ ያለው ይህንን ነው፣ ሌላ አልጨመረም። በማግስቱ የዳጉሳዋን ቦታ አንብቢልኝ አለኝ፣ አነበብኩለት።

ማርስ ቀርባ ስትቆም አትለይም ብለህ የጻፍከውን ለእሱ ሳነብ ስለ ኮከብ ብቻ መስሎኝ ነበር።

ከቀብሩ በኋላ ኤርካሎና ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ብቻውን ተራራ ላይ ላለ ልጅ መርዶ አይነገርም፣ ሲወድቅ ማን ይይዘዋል፣ ጀርመን ሲመለስ በመጋቢው በኩል፣ ሰው ተሰብስቦ በማለዳ ይነገረው አሉ። እስከዚያ ሰላምታውን እየጻፍሽ አቆዪው አሉኝ። እሺ አልኩ። ትእዛዝ ስለሆነ ብቻ አይደለም። አንተ መርዶውን ስትረዳ የእኔም ነገር አብሮ እንደሚወጣ አውቅ ነበር፤ ነገሩ አንድ ቀን በዘገየ ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር። ስልኩ አልተበላሸም። ድምጼን እንዳትሰማ ነው። የቀልዱን ነገር ደግሞ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ፤ የአባባን አፍ ማን ያመጣዋል?

ስለ ጋዙ አትጨነቅ። ኤርካሎ መጠየቁ አይቀርም፤ እውነቱን ንገረው። አባባ የዋሸው ነገር የለም፣ የጻፍክለትን ነው የተናገረው። አላገኘሁም ብለህ ብትቆም በአንተ የሚስቅ ሰው እዚህ የለም።

አሁን የምለምንህን ስማኝ። የመጋቢውን ስም አልላከም ስላልኳቸው ሽማግሌዎቹ ስትመጣ እዚሁ ሊነግሩህ ወስነዋል። ስትመጣ በሆሳዕና ከተማ በኩል ና፣ ሶዶ ሳትደርስ አረካ ላይ ውረድ። ሶዶ መናኸሪያ ከወረድክ የመጀመሪያው ያገኘህ ሰው እጅህን ይዞ እግዚአብሔር ያጽናህ ይልሃል፤ እንደዚያ እንዲሆን አንፈልግም። አረካ የአክስታችን የአሳየሽ ቤት ታድራለህ። እራት ያቀርቡልሃል፣ ይጫወቱሃል። ስለ አባባ ጠይቅ፤ ካልጠየቅክ ይጠረጥራሉ። ደህና ነው ይሉሃል። ጎህ ሲቀድ ኤርካሎና ሽማግሌዎቹ ይመጣሉ፣ ያኔ ይነግሩሃል። ከዚያ አብረን ወደ ሶዶ እንሄዳለን፣ ድንኳኑም ለአንተ እንደገና ይተከላል።

ይህን ደብዳቤ እንደጻፍኩልህ ማንም አያውቅም። መርዶ በወረቀት ልካለች ከተባለ በዚህ ሰፈር አንገቴን ቀና አድርጌ አልሄድም፤ እሱ ግን የእኔ ነገር ነው። ያልተረዳ ሰው ለቅሶ አይቀመጥም፤ እንድትቀመጥ እፈልጋለሁ። የእናታችንን አልተቀመጥክም።

እህትህ አስካለች


አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 23 ቀን 1998

እትዬ፣

ይህችን ወረቀት ዛሬ ወደ ሶዶ ለሚወርድ ሾፌር ሰጥቼዋለሁ፤ ሱቅሽ ድረስ ያመጣልሻል። አንብበሽ ምድጃ ውስጥ ጣያት።

እኔ ነገ በሆሳዕና በኩል እመጣለሁ። አረካ ላይ እወርዳለሁ። እራት እበላለሁ፣ ስለ አባባ እጠይቃለሁ፣ ደህና ነው ሲሉኝ ተመስገን እላለሁ። አንቺም ከእነሱ ጋር ከመጣሽ ግን ደህና ነው አትበይኝ። ዝም በይ።

ለምን አላነበብሽለትም አልልሽም። ሰው ፊት መናገር ስለማልችል እዚሁ ልጻፈው። አትምጣ የሚለው ደብዳቤሽ የደረሰኝ ወደ ሥራ ልወጣ ስል ነበር። ቆሜ አነበብኩት፤ ደስ አለኝ። እፎይ ብዬ በሩጫ ወጣሁ። በዚያ ሰሞን አባባ ስለ እኔ ይጠይቅሽ ነበር።

ጎህ ሲቀድ ኤርካሎ ሲነግረኝ ማስመሰል የሚያስፈልገኝ አይመስለኝም።

ሚልክያስ